የዓሣ እንቁላል በገና ጾም

«አባ፣ የዓሣ እንቁላል ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ፣ ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል አጣብቀው፣ በሁለት እጃቸው ከዕቃ ማጠቢያው ውስጥ እርጥብ የባሕር ሣር እያገላበጡ።

ጾም በገባ ቁጥር የቄስ ገረመው ስልክ እረፍት የለውም። ማርጋሪን ይበላል ወይ፣ የአኩሪ አተር ወተት ከወተት ይቆጠራል ወይ፣ ብስኩቱ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው እያለ የማይጠይቃቸው ምእመን በኦክላንድ የለም፤ ለሁሉም መልስ አያጡም። ይኼኛው ግን ከየት እንደ መጣ ግራ ገባቸው። «እመቤቴ፣ ዓሣው ራሱ እኮ ያከራክራል» አሉ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ዓሣውን ተዉት አባ፤ እኔ አሰብ ተወልጄ በጾም ዓሣ ስበላ ነው ያደግኩት። የጠየቅኩዎት እንቁላሉን ነው።» «እንቁላል እንግዲህ... እንቁላል ነው።» «የዶሮ አይደለማ!» «እሱስ አይደለም» አሉ ቄሱ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ፤ «እስኪ ከሌሎቹ አባቶች ጋር ልማከርና ኮል አደርግልዎታለሁ። እስከዚያ ግን እንዳይቀምሱት።»

ወይዘሮ ፍረወይኒ ስልኩን ዘግተው ሣሩን ቁልቁል አዩት። እያንዳንዱ ዘለላ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ፍሬ ተለብጧል። ፍሬው ያልተቆላ ሰሊጥ ያህላል፣ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ በጣት ሲነኩት ጠንከር ብሎ ይንሸራተታል። ሽንኩርቱን ከትፈው ጨርሰዋል፤ ዘይቱም መጥበሻው ላይ ነው። እናታቸው አሰብ ውስጥ ይኼንኑ የመሰለ ነገር በቃሪያ ጠብሳ ስታበላቸው ጾም ይሁን ፍስክ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እዚያ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው ከፋሲካ በኋላ ነበርና። እዚህ አገር ግን ሁሉ ነገር እንደ ተገለበጠው ዓሣውም በገና ጾም ይወልዳል። እግዜር ሲፈትን በምን እንደሚፈትን አይታወቅም ብለው ምድጃውን አጠፉ።

ያገኙት ጠዋት ነው። ሐኪሙ ለስኳሩ በእግር ሂጂ ካላቸው ወዲህ ልጃቸው ሰመረ ወደ ሥራ ሲሄድ ወደቡ ዳር ካለው ፓርክ ያወርዳቸዋል፤ ሲመለሱ በአውቶቡስ ነው። ዛሬ ገና ከመኪናው ሲወርዱ የወፎቹ ጩኸት ሌላ ነበር። ሰማዩ በወፍ ነጥቷል፤ የባሕር አንበሶቹ ከድንጋዩ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ውኃውም ከዳር እስከ መርከብ መተላለፊያው ድረስ ወተት የደፉበት ይመስላል። ወይዘሮ ፍረወይኒ ቆመው ቀሩ። ዓሣው እንቁላሉን ሲጥል ውኃው እንዲህ ይነጣል፤ ይኼን ካዩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከዚያ ማንም እንዳላያቸው ግራና ቀኝ ገላምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ድንጋዩ መካከል ገቡ፤ ማዕበሉ ከተፋው ሣር ዳቦ የሚገዙበትን ፌስታል ሞሉ። በአውቶቡሱ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ይዛ ተነሥታ ሌላ ወንበር ፈለገች፤ እሳቸው ግን በዚያ ሽታ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ማንም ቢነሣ ግድ አልነበራቸውም።

የሚኖሩት ከወደቡ ብዙ በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሲጠጉት ብቻ የሚያሞቅ ማሞቂያ፣ በወር ሺህ መቶ ዶላር። ሰው ሁሉ ቤቱን ለባንክ እየለቀቀ በነበረበት በዚያ ዓመት ተከራይ መሆን እንደ ብልጠት ይቆጠር ነበር። ሴት ልጃቸው ሰምሃር «ማማ፣ ከዚህ ጫጫታ ውጪና እኔ ጋ ሳን ሆዜ ነይ» ትላለች። እሳቸው ግን ቤቱን የሚወዱት ለጫጫታው ነው። ከኩሽናው መስኮት ባሻገር፣ ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ፣ ድሬጁ ይታያል፤ ትልልቆቹ መርከቦች እንዲገቡ የመተላለፊያውን ጭቃ ከሥር እየዛቀ የሚያወጣው መርከብ ነው። ክሬኑ ሁለት መንጋጋ ያለውን ባልዲ ይለቅቀዋል፣ ሰንሰለቱ ይንኳኳል፣ ባልዲው ጭቃውን ነክሶ ይወጣል፣ ባርጁ በሚሉት ጭቃ መጫኛ ጀልባ ላይ ይደፋዋል። ቀንም ሌሊትም። ጎረቤቶች ለከንቲባ አቤት ይላሉ፤ ወይዘሮ ፍረወይኒ ግን ያለዚያ ድምፅ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ባላቸው አቶ ሃብተማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አሰብ ወደብ እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ነበር የሚሠሩት። በዚያ ዘመን ድምፁ እስካለ ድረስ ባላቸው ደኅና ናቸው ማለት ነበር።

አሁን ድምፁ ውስጥ ያለው ሰመረ ነው። ሰባት ዓመት የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ቆይቶ ባለፈው ሰኔ ድሬጁ ላይ ገመድ ሳቢ ሆኖ ተቀጠረ። የነገራቸው ዕለት መጀመሪያ እልል አሉ፣ ቀጥለው አለቀሱ፣ ከዚያ «ቦቲህን በር ላይ ነው የምታወልቀው፣ የአባትህን ጭቃ ስጠርግ ነው ያረጀሁት» አሉት። ሥራው ግን አንድ ጣጣ ነበረው። ኩባንያው ለሠራተኞቹ በግልጽ ተናግሯል፤ ቁፋሮው እስከ ፈረንጆቹ ገና ካለቀ ቀጣዩ ሥራ እዚሁ ሪችመንድ ነው፣ ለዓመታት የሚበቃ። መካከል ላይ ከተቋረጠ ግን ድሬጁ ተጎትቶ ቴክሳስ ይሄዳል፤ ሥራውን የሚፈልግ አብሮ ይሄዳል። የሚያቋርጠው ደግሞ ዓሣ ነው። ሄሪንግ የሚሉት ዓሣ መጥቶ እንቁላሉን ከጣለ፣ የሚነሣው ጭቃ እንቁላሉ ላይ ተኝቶ እንዳያፍነው አጠገቡ መቆፈር ክልክል ነው።

ዓሣው መጣ አልመጣ እያለች የባሕሩን ዳር የምትዞረው ደግሞ፣ የእግዜር ሥራ ሆኖ፣ ሰምሃር ናት። ሳን ሆዜ ባዮሎጂ ተምራ ከጨረሰች በኋላ የባሕር እንስሳ የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ቢሮ ቀጠራት። ወንድሟ ድሬጁ ላይ እንዳለ ለአለቆቿ ነግራለች፤ ምንም አይደለም አሏት። አለቆቿ እንጂ ሰመረ ምንም አይደለም አላለም። በታንክስጊቪንግ፣ በፈረንጆቹ የምስጋና በዓል፣ ማዕድ ላይ «አንቺን ፔይ የሚያደርጉሽ እኔን ከሥራ ለማስወጣት ነው» አላት። እሷም ሹካዋን አስቀምጣ «አይ ዶንት ሜክ ዘ ሩልስ» ብላ ኮቷን አነሣች። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ወንድሟ ቤት በሌለበት ሰዓት ነው። ሰመረም ማን ደወለ ብሎ አይጠይቅም። ወይዘሮ ፍረወይኒ በሁለቱ መካከል ወሬ ማመላለስ ሞክረው ነበር፤ ሁለቱም ጸጥ ብለው ሰምተው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «አባ፣ ምን አሉዎት?» ብለው አነሡት። ሰምሃር ነበረች። «አባ ማን ነው ማማ?» አለች እየሳቀች። ኢንሱሊኑን ወሰድሽ ወይ፣ ሹራቡ ሆነሽ ወይ ተባባሉ። ልጃቸውን ማሳቅ ይወዳሉና፣ ሳያስቡት፣ የቄስ ገረመውን ጭንቀት ከነድምፁ አስመስለው አጫወቷት።

ሰምሃር አልሳቀችም።

«ማማ» አለች፣ «ዌር ዲድ ዩ ጌት ኢት? ሣሩን ከየት ነው ያመጣሽው?»

ወይዘሮ ፍረወይኒ የት እንደ ገቡ ያወቁት ያኔ ነው። መስኮቱ ሳይታወቃቸው ዓይናቸውን ሳበው። ባልዲው ወደ ላይ እየወጣ ጭቃ ያንጠባጥባል። ቴክሳስን አስበው አያውቁም ነበር፤ አሁን አሰቡት። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንዱ ባዶ። ሲመሽ በሩ ላይ የሚወልቅ ቦቲ የለም። «ሰው ሰጠኝ» አሉ። «ማን?» «አንዲት ቻይና፣ ገበያ ላይ።» አፋቸው እንዴት እንደ ፈጠነ ለራሳቸውም ገረማቸው። ሰምሃር «ኦኬ» አለች። ሰምሃር ነገር ስታምን ብዙ ትጠይቃለች፤ ሳታምን «ኦኬ» ትላለች። ትናንት ነበር ዳሩን የዞረችው፤ ትናንት ምንም አልነበረም፤ ተራዋ የሚደርሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «ኦኬ ማማ፣ ደኅና ዋይ» ብላ ዘጋች። ባለመጨቅጨቋ ነው እናትየው የባሰ የከፋቸው። በጾም ዋሽተው አያውቁም፤ በፍስክም ቢሆን ለልጆቻቸው አልለመደባቸውም።

ወንበር ስበው ሣሩ አጠገብ ተቀመጡ። አሰብ ሰጊር በሚባለው የአሰብ ሰፈር፣ አባታቸው ጨው ፋብሪካ የሚሠሩ ጊዜ፣ ከቤታቸው ኋላ አንድ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነበር። ልጆች እስከ ጉልበታቸው የሚገቡበት፣ ሥሩ ሁሉ ሣር። በዓመት አንዴ አፈ ረጅሙ ዓሣ ይመጣል፤ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፣ መርፌ አፍ ነበር የሚሉት። የመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ውኃ ውስጥ ነው። አፋሩ፣ የመኑ፣ ትግርኛ ተናጋሪው፣ ከመሐል አገር የመጣው የወደብ ሠራተኛ፣ ሁሉም ሱሪውን ሰብስቦ ሣር ያነሣል፤ ቋንቋው ይደባለቃል፤ ልጅ ሁሉ ያገኘበት ቤት ይበላል። ወይዘሮ ፍረወይኒ ብዙ ደስታ አይተዋል፤ ያንን የሚያህል ግን ትዝ አይላቸውም። ሃብተማርያምንም መጀመሪያ ያዩት እዚያው ነው። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ የሰበሰበውን ሣር በሙሉ ለእሳቸው እናት ሰጥቶ ባዶ እጁን የሄደ ጎረምሳ።

ከተጋቡ በኋላ ወደቡ ይጥለቅ ተባለና ድሬጁ መጣ። አቶ ሃብተማርያም ተቀጠሩ፤ ጎጆው ተቃና፣ ቴፕ ሪከርደር ተገዛ። የሚወጣው ጭቃ ግን አንድ ቦታ መደፋት ነበረበት። የቅርቡ ቦታ ያ ውኃ ነበር። አንድ ቀን ሸሚዛቸውን ሲያጥቡ ጭቃው ውስጥ የለመዱትን ሣር አገኙ፤ እንቁላሉ አሁንም ተለጥፎበታል፣ ግን ሞቶ ነጭ ሆኗል። ሸሚዙን ይዘው ወደ ባላቸው ገቡ። አቶ ሃብተማርያም ሸሚዙን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ተነሥተው ወጡ። ያን ምሽት የተጠበሰውን ዓሣ አልነኩም። በማግሥቱም። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ አሰብም ኦክላንድም፣ ዓሣ አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ሚስት ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ ባልም አላወራም። መርፌ አፉ በዓመቱ ሲጠበቅ ቀረ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ባላቸውን አልተቀየሙም፤ በዚያ ጭቃ ነው ቤት የቆመው። ዛሬም ቢሆን ይናፍቋቸዋል፣ ያንን ዝምታቸውን ሳይቀር። ብቻ አንድ ቃል ተናግረው ቢሆን ኖሮ፣ ወይ እሳቸው አንድ ቃል ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይላሉ አንዳንዴ።

ከቀትር በኋላ ቄስ ገረመው ደወሉ። «ወይዘሮ ፍረወይኒ፣ ጉድ አፈሉብኝ። የሳን ሆዜው አባት ይበላል አሉ፣ የሪችመንዱ አይበላም አሉ፣ አሁን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተኮራርፈዋል።» «እርስዎስ?» «እኔ ጎንደሬ ነኝ፣ ባሕር ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። ከባሕር ሰው ጋር አልከራከርም።» ሳቁ። ከዚያ ቄሱ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው «እንደው ቢተዉትስ? ይፈልፈል። ነፍስ አለው አይደል?» አሉ። «አለው አባ» አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ። ቄሱ ጥያቄው ያለቀ መስሏቸው ተሰናበቱ።

ስልኩን አላስቀመጡትም። የልጃቸውን ቁጥር ጫኑ። «ሰምሃረይ፣ ጠዋት ዋሸሁሽ» አሉ፣ እንዳያመነቱ ቶሎ ብለው። «ከፓርኩ ነው። ከድሬጁ ፊት ለፊት። ውኃው ሁሉ ነጭ ነበር።»

የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሰምሃር የሆነ ቦታ ዳር ይዛ ቆማለች። «አይ ኒው» አለች፤ «ገብቶኝ ነበር ማማ። ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ አላየሁም ልል ነበር።» ሞተሩን አጠፋች። «እኔ አንዴ ኮል ካደረግኩ ይቆማል። ሰመረ ይሄዳል። ዩ አንደርስታንድ፣ ራይት?» «አውቃለሁ ጓለይ፣ ልጄ። ነይና ውሰጂኝ፣ ቦታውን ላሳይሽ።»

ከሳን ሆዜ እስክትደርስ ሣሩን ከዕቃ ማጠቢያው አውጥተው ፌስታሉ ውስጥ መልሰው ጨመሩት፤ ጥቂት ዘለላ ብቻ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቀረ። ፓርኩ ሲደርሱ ውኃው መጥራት ጀምሯል፤ ወፎቹ ግን አልሄዱም። ሰምሃር ረጅም የጎማ ቦቲዋን አጥልቃ ድንጋዮቹ መካከል ገባች፣ ጎንበስ አለች፣ ሣሩን እያነሣች እያየች ብዙ ቆየች። እናትየው የያዙትን ፌስታል ውኃው ላይ ገለበጡት። ልጅቷ ወጥታ ስልኳን አወጣች። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭርም ነበር። ከዚያ እናትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ባልዲው ወረደ፣ ወጣ፣ ደፋ። ደግሞ ወረደ፣ ወጣ፣ ደፋ። ቀጥሎ ወጣና አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰንሰለቱ ጸጥ ሲል ወይዘሮ ፍረወይኒ ሳያስቡት ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ፤ አሰብ ላይ ድምፁ ባልታሰበ ሰዓት የቆመ እንደሆነ ሴቶች ወደ ወደቡ ሲሮጡ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ሰምሃር ልሂድ ስትል እጇን ይዘው «አትሄጂም፣ ሽሮ አለ» አሏት። ሰመረ ሲመጣ ጨለማ ነው። ቦቲውን በር ላይ አወለቀ፣ እህቱን አያት፣ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ቤቱ ውስጥ ይሰማ የነበረው ያ ሁሉ ድምፅ አለመኖሩ ሦስቱንም ከብዷቸዋል። የማቀዝቀዣው ሞተር እንኳን ይሰማል። ሰምሃር «ሰመረ፣ አይም ሶሪ» አለች። እሱ እንጀራውን እየቆረሰ «የሰው ስልክ ነው ያስቆመው አሉ። ከዳር ያየ ሰው» አለ። ሰምሃር አፏን ስትከፍት እናትየው ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «አይቼ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ሰመረ ጉርሻውን መለሰው። ተቆጥቶ ይነሣል ብለው ጠበቁ፤ አልተነሣም። እናቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔም አይቻለሁ እኮ ማማ» አለ። «ጠዋት አንቺን አውርጄ ድሬጁ ላይ ስወጣ ነጩ ውኃ ከሥራችን ነበር። ሁላችንም አይተናል፣ ማንም አልተናገረም። እኔ ዝም ያልኩት ለአንቺ ብዬ ነው። ብቻሽን ትቼሽ ቴክሳስ ልሄድ ነው? ቀኑን ሙሉ ያንን እንቁላል ጭቃ ሳለብስ የዋልኩት ለአንቺ ብዬ ነው፣ አንቺ ግን...» አልጨረሰውም።

ወይዘሮ ፍረወይኒ ተነሥተው፣ የተረፈውን ሣር በጎድጓዳው ሳህን አምጥተው ጠረጴዛው መካከል አኖሩት። በአምፖሉ ብርሃን ፍሬው ውስጥ እንደ ነጥብ የሆነ ነገር ይታያል። «አባታችሁ ዓሣ የማይበላው ለምን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ተያዩ። «አለርጂ ነበረበት» አለ ሰመረ። «ባባ? ዬስ፣ አለርጂክ ነበር» አለች ሰምሃር። ከታንክስጊቪንግ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

«አለርጂ አልነበረበትም» አሉ እናታቸው። እና ተናገሩ። ስለ ውኃው፣ ስለ መርፌ አፉ፣ ሣሩን ሁሉ ሰጥቶ ባዶ እጁን ስለ ሄደው ጎረምሳ፣ ስለ ሸሚዙ። ሠላሳ ዓመት ያልተነገረ ነገር ሲነገር ረጅም ይሆናል ብለው ፈርተው ነበር፤ ሽሮው እንኳን ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሰምሃር በናፕኪን ፊቷን ጠረገች። ሰመረ ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ አንዱን ፍሬ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው፤ ከጥፍሩ ሥር የቀኑ ጭቃ አልለቀቀም።

«የባባ መርከብ» አለ ሳያያቸው፣ «ለዓሣ ተብሎ አንድ ቀን ቆሞ ያውቃል?»

«አንድም ቀን» አሉ።

ሰመረ መስኮቱን አየ። ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ የድሬጁ መብራት በርቷል፣ ባልዲው ግን ከቀትር በኋላ በቆመበት አየር ላይ ተሰቅሏል። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ እህቱ ገፋላት፣ ጠዋት ወደ ባሕሩ ትመልሰው ዘንድ።

«የእኔ ቆሟል» አለ።